ንጉሡን ያሸነፉት ፊታውራሪ፦ ማዕረግና ጦርነት በሰገሌ

የእህቴ ልጅ 13 ዓመቱ ነው። ባለፈው ክረምት ደሴ እናቴ ቤት ተገናኘን። ዝናቡ የጦሳን ተራራ ከዓይን ሰውሮታል፣ መብራት የለም፣ እሱ ግን ስልኩ ላይ ተደፍቶ ጦርነት ይመራል። እያንዳንዱ ወታደር አናት ላይ ቁጥር አለ። ተራው ወታደር 3፣ መቶ አለቃው 15፣ ጄኔራሉ 60። መጨረሻ ላይ የሚመጣው ንጉሥ 100 ነው፤ ቀስት ቢዘንብበት፣ እሳት ቢለቁበት ቶሎ አይወድቅም።

ጠዋት ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩትን አይጠየፍ አዳራሽን አሳይቼው ስለነበር ድንገት ቀና አለና፣

«አጎቴ፣ ንጉሥ ሚካኤል ስንት ሌቨል ነበሩ?» አለኝ።

ሳቅኩ። እናቴ አልሳቀችም። አቦሉን እየቀዳች «ያልተዋጋ ምኑን ይነግሣል?» አለች፣ ነገሩ ያለቀ ያህል። እሷና ጨዋታው በአንድ ነገር ተስማሙ ማለት ነው፦ ማዕረግ ከፍ ሲል ክንድም አብሮ ከፍ ይላል። እኔ ደግሞ ይሄ ነገር ከጉሮሮዬ አልወርድ አለኝ። ምክንያቱም እኛው አገር፣ እኛው ንጉሥ ላይ የሆነው ሌላ ነው።

እስኪ ጉዳዩን ከመጨረሻው ልጀምረው። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ተሸንፈው ተማረኩ። ከዚያ አሥር ቀን ያህል ቀደም ብሎ ቶራ መስክ ላይ የሸዋውን የራስ ልዑል ሰገድን ጦር ደምስሰው ነበር፤ ራስ ልዑል ሰገድም እዚያው ወደቁ። ሰገሌ ላይ ንጉሡን የገጠመው የሸዋ ጦር ዋና አእምሮ ደግሞ የጦር ሚኒስትሩ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ነበሩ። በማዕረግ ተራ ስናስቀምጣቸው ንጉሥ ከላይ ነው፣ ቀጥሎ ራስ፣ ቀጥሎ ደጃዝማች፣ ከዚያ በታች ፊታውራሪ። ራሱን ንጉሡ በላው። ንጉሡን ፊታውራሪው። የጨዋታው ቁጥር ቢሠራ ኖሮ ሁለተኛው መሆን አልነበረበትም።

(በርግጥ በሸዋ በኩል ራሶች አልጠፉም። ራስ ተፈሪም ራስ ካሳም ነበሩ። እመለስበታለሁ።)

የማዕረጉ ስም ራሱ ይናገራል

የኛ ማዕረጎች ደስ የሚለኝ ነገር ስማቸው ውስጥ አድራሻ መኖሩ ነው። ግራዝማች ማለት የግራው አዝማች ነው። ቀኛዝማች የቀኙ። ፊታውራሪ ከፊት የሚወር፣ የሚቀድም። ደጃዝማች የደጁ፣ ማለትም የንጉሡ ድንኳን ደጅ ላይ ያለው ጦር አዝማች። ሰውየው ጦር ሜዳ ላይ የት እንደሚቆም ከስሙ ታውቃለህ። ደብዳቤ ልትሰድለት ብትፈልግ የት እንደምታገኘው ታውቃለህ።

ከዚያ ወደ ላይ ስትወጣ አድራሻው ይጠፋል። ራስ ማለት ራስ ነው፣ የት ይቁም የት አይታወቅም። ንጉሥ ደግሞ ጭራሽ የጦር ሜዳ ቃል አይደለም፤ የዙፋን ቃል ነው። ሰዎቹ ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ማዕረጋቸው ከሜዳው እየራቀ ወደ አዳራሹ ይጠጋል። እንግዲህ «ንጉሥ ነውና ከሁሉ የበለጠ ይዋጋል» ስንል፣ ከአዳራሽ የመጣን ቃል ሜዳ ላይ ልናስቆመው እየሞከርን ነው።

አማርኛ እዚህ ላይ አንድ ፊደል ቀይሮ ትልቅ ሥራ ይሠራል። መዋጋት አለ፣ ማዋጋት አለ። አንዱ ጎራዴ መዞ መግባት ነው። ሌላው ሺህ ሰው መቼ እንደሚገባ፣ በየት እንደሚገባ፣ መቼ እንደማይገባ መወሰን ነው። ለመዋጋት ክንድና ልብ ይበቃል። ለማዋጋት ወሬ ማጣራት፣ ስንቅ መቁጠር፣ ጠላት ምን እያሰበ እንደሆነ መገመት ያስፈልጋል። ሹመት የሚሰጥህ ሁለተኛውን ሥራ ነው፣ ሰው ግን በመጀመሪያው ነው የሚፎክርልህ። ሸላዩ «ዘራፍ» ብሎ ተነሥቶ «ጌታዬ ስንቅ አሳምሮ የሚቆጥር» ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልሰማሁም።

የአባ ሻንቆ መዝገብ

አሁን ወደ ንጉሥ ሚካኤል። የፈረስ ስማቸው አባ ሻንቆ። ትውልዳቸው ከወሎ ገዢ ቤት፣ ከመመዶች ነው፤ ፊት መሐመድ ዓሊ ይባሉ ነበር። እኛ ወሎዎች ስለሳቸው ስናወራ ሁሉንም በአንድ ከረጢት እንከታለን፦ ትልቅ ሰው፣ ትልቅ ተዋጊ፣ ትልቅ ንጉሥ። እኔ ግን አንድ ቀን ሹመታቸውን በአንድ ወገን፣ ውጊያቸውን በሌላ ወገን አድርጌ ወረቀት ላይ ጻፍኩ። ሁለቱ መስመሮች እምብዛም አይገናኙም።

ራስነትን ያገኙት በ1870 ዓ.ም. ነው፣ ቦሩ ሜዳ ላይ። ቦሩ ሜዳ ከደሴ ወጣ ስትል ናት። ዛሬ ስሟ ሲነሣ ሰው ቀድሞ የሚያስታውሰው ሆስፒታሉን ነው። ያኔ ዐፄ ዮሐንስ የሃይማኖት ጉባኤ አደረጉባት፣ መሐመድ ዓሊም ክርስትና ተነሥተው ሚካኤል ተባሉ፤ ክርስትና አባታቸው ራሳቸው ዐፄ ዮሐንስ ነበሩ። ራስነቱም ከዚሁ ጋር መጣ። የወሎ ባላንጣቸው አባ ዋጠውም ተጠምቀው ኃይለ ማርያም ተባሉ፣ እሳቸው የተሰጣቸው ግን ደጃዝማችነት ነው። በዚያ ሰዓት አንዱን ራስ ሌላውን ደጃዝማች ያደረገው የጎራዴ ልክ አይደለም። ወሎን ማን ይዞ ይቆይልኝ የሚለው የንጉሠ ነገሥቱ ስሌት ነው።

ከዚያ ጋብቻ መጣ። የምኒልክን ልጅ ወይዘሮ ሸዋረጋን አገቡ፣ ልጅ ኢያሱ ተወለደ።

ትልቁ ውጊያቸው ዐድዋ ነው። ክተቱ ሲታወጅ የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ እንዲገናኝ ነበር የታዘዘው፤ ያ ሁሉ ጦር በኛው ምድር አልፎ ወደ ሰሜን ወጣ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ራስ ሚካኤል በወሎ ፈረሰኛ ራስ ላይ ነበሩ፤ የጣልያኑ ጄኔራል የዳቦርሚዳ ብርጌድ ማርያም ሸዊቶ ላይ ሲደመሰስ ፈረሰኛው ያደረገው እስካሁን ይወራል። እንግዲህ እዚህ ቀን ላይ ማንም «አባ ሻንቆ ተዋጊ አይደሉም» ሊል አይችልም። ግን መዝገቡን ተመልከቱ፤ ወደ ዐድዋ ራስ ሆነው ሄዱ፣ ራስ ሆነው ተመለሱ። የዕድሜያቸው ትልቁ ድል በማዕረጋቸው ላይ ምንም አልጨመረም።

ንጉሥነቱስ? ግንቦት 23 ቀን 1906 ዓ.ም. ደሴ ላይ ነገሡ፣ የወሎና የትግራይ ንጉሥ ተብለው። ማን ሾማቸው? ልጃቸው ልጅ ኢያሱ፣ የምኒልክ አልጋ ወራሽ። እስኪ አስቡት፤ አባት ልጁን ሲሾም ነው ያየነው፣ እዚህ ግን ልጅ አባቱን አነገሠ፣ ያውም ልጁ ራሱ ዘውድ ሳይደፋ። በዚያ ዓመት ሚካኤልን ለንግሥና ያበቃ ጦርነት የለም። አልጋው የዘመድ ድጋፍ አስፈልጎታል፣ ያ ነው።

ስለዚህ ሁለቴ ከፍ አሉ፣ አንዴ በጥምቀት አንዴ በልጅ። ሁለቱም ጊዜ ጎራዴው ሰገባው ውስጥ ነበር። አንዴ ደግሞ በሚያስደንቅ ሁኔታ ተዋጉ፣ ያኔ ማዕረጉ ባለበት ቆመ። «ንጉሥ የሆኑት ስለተዋጉ ነው» የሚለው የእናቴ ሕግ በራሳችን ንጉሥ ላይ እንኳ አልሠራም።

በዚያ ወገን ያሉት ሰውዬ

ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ደግሞ ተቃራኒው ናቸው። በልጅነታቸው በምኒልክ ዘመቻ ተማርከው ነው ወደ ቤተ መንግሥት የመጡት። የሚመካበት የገዢ ቤት የለ፣ የንጉሥ አማች መሆን የለ። ዐድዋ ላይ ፊታውራሪ ገበየሁ ሲወድቁ የሳቸውን ቦታ ያዙ። ቦረናን አቀኑ። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የጦር ሚኒስትር ሆኑ። መካከል ላይ የነገሥታት መውደቅና መነሣት አለ፣ በሁሉም ውስጥ እሳቸው አሉ። እስከ ሞቱበት እስከ 1919 ዓ.ም. ድረስ ግን ፊታውራሪ ናቸው። ራስ አልተባሉም፣ ደጃዝማችም አልተባሉም።

አንዳንዱ ሰው «ፊታውራሪነቱ በሳቸው ዘመን ከብዶ ነበርኮ» ይላል። እውነት ነው፣ ከብዶ ነበር። ያከበዱት ግን እሳቸው ናቸው። ብዙ ሰው ማዕረጉ ያስረዝመዋል፣ እሳቸው ማዕረጉን አስረዘሙት።

ሕዝቡ ያወጣላቸው ስም አባ መላ ነው። ልብ በሉ፣ አባ ክንዱ አላላቸውም። መላ። ይሄን ስም ያወጣ ሰው መዋጋትና ማዋጋት እንደሚለያዩ በደንብ ገብቶታል።

ሰገሌ

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በመስቀል ዕለት አዲስ አበባ ላይ ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን መውረዳቸው ታወጀ። ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት ሆኑ። እስከዚያ ቀን ደጃዝማች የነበሩት ተፈሪ መኮንን ራስና አልጋ ወራሽ ተባሉ። ልጅ ኢያሱ ሐረር ነበሩ፣ ወደ መሃል ለመምጣት ቢሞክሩም ጦራቸው ሚኤሶ ላይ ተገታ። ወሬው ደሴ ሲደርስ አባት ዝም ሊሉ አይችሉም። ክተት አሉ፣ ወደ ደቡብ ወረዱ። ጦሩን እስከ 80,000 የሚያደርሱት አሉ።

መጀመሪያ የገጠማቸው ራስ ልዑል ሰገድ ነበሩ፣ 11,000 በሚገመት ሰው። ያን ጦር ንጉሡ አጠፉት። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብዬ ማሰብ እወዳለሁ። ቶራ መስክ ላይ ሽታው ገና አልጠፋም፣ ፊት ለፊት ያለው የሸዋ ጦር ገና እየተሰባሰበ ነው፣ አዲስ አበባ ያለው ሰው ደንግጧል። ዐድዋ ላይ ያየናቸው ፈረሰኛ ቢሆኑ ኖሮ ምን ያደርጉ ነበር? ፈረሳቸውን ኮልኩለው ወደ አዲስ አበባ ነበራ።

ንጉሡ ግን ቆዩ።

ለምን ቆዩ የሚለው ነው የጉዳዩ ሆድ። ሲተረክ የኖረው አባ መላ መላክተኛና ደብዳቤ እየላኩ ልባቸው ከንጉሡ እንዳልራቀ አስመስለው ቀን ገዙ የሚል ነው። አንዳንዱ ይሄን ሲሰማ «እንዴት ይታለላሉ?» ይላል። እኔ ግን አይገርመኝም። ራሳችሁን በሳቸው ቦታ አድርጉ። ንጉሥ ናችሁ። ልጃችሁ አልጋ ወራሽ ነበር። ስታልፉ ሰው መሬት ይስማል። ገና ትናንት አንድ ራስ ደምስሳችኋል። እንዲህ ባለ ሰዓት አንድ ፊታውራሪ «ጌታዬ፣ እኔ ከእርስዎ ነኝ» ቢላችሁ ውሸት መስሎ አይታያችሁም፤ ሲሆን የኖረው እሱ ነው። ሰው ሁሉ ይገባል፣ እሱም ሊገባ ነው ትላላችሁ። አንድ ተራ ሽፍታ ያንኑ ደብዳቤ ቢቀበል ግን መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ፈልጎ ነው?» ብሎ ነው። ንግሥናው ሚካኤልን ክንዳቸውን አላሳነሰባቸውም። ጥርጣሬያቸውን ነው ያሳነሰባቸው። ጦር የሚመራ ሰው ደግሞ ጥርጣሬውን ካጣ ጎራዴውን ቢያጣ ይሻለው ነበር።

በዚያ በተገዛው ቀን የሸዋ ጦር ተሰበሰበ፣ ቦታ ያዘ።

ከደሴ ወደ አዲስ አበባ በአውቶቡስ ስትሄዱ ከደብረ ብርሃን በኋላ ሸኖን አልፋችሁ ወደ ሰንዳፋ ስትቃረቡ ሜዳው ይለጠጣል። ሰገሌ በዚያው አካባቢ ነው። እኔ ስንት ጊዜ አልፌዋለሁ፣ አንድም ቀን ረዳቱ «ይሄ ሰገሌ ነው» ብሎ አያውቅም። የሚታየው የጭድ ክምር ነው፣ ላም ነው፣ ጋቢ ለብሶ በአህያ ገለባ የሚነዳ ሰው ነው። በጥቅምት ጠዋት ብርዱ የአውቶቡሱን መስታወት ያደበዝዘዋል። እኔ በእጄ ጠርጌ ማየት እወዳለሁ። እዚህ ሜዳ ላይ የወሎ ልጅና የሸዋ ልጅ፣ ሃያ ዓመት ቀደም ብሎ ዐድዋ ላይ ጎን ለጎን የቆመ ሰው፣ ተላለቀ። መድፍና መትረየስም ነበር። ከቀትር በኋላ የንጉሡ ሰልፍ ተፈታ፣ ንጉሡም ተማረኩ። ልጅ ኢያሱ ለአባታቸው አልደረሱም።

65 ዓመት ገደማ ሆኗቸው ነበር። ይሄም አንድ ነገር ነው፣ መዝለል አልፈልግም። ማዕረግ በዕድሜ ይጨምራል፣ ጉልበት በዕድሜ ይቀንሳል። አንድ ሰው የጉልበቱ ጫፍ ላይ በነበረ ጊዜ ራስ ከነበረ፣ የማዕረጉ ጫፍ ላይ ሲደርስ ሽማግሌ ነው። ይሄ ለሚካኤል ብቻ የመጣ አይደለም፣ ሥርዓቱ ራሱ እንዲያ ነው የተሠራው።

ሌላም አለ። የንጉሡ ጦር የቆመው በንጉሡ ነው። ግራዝማች ቢሞት ግራው ክንፍ ይናጋል፣ ሌላው ይዋጋል። ንጉሡ ሲያዝ ግን ለማን ይዋጋል? በሸዋ ወገን ነገሩ የተከፋፈለ ነው። ዘውዱ አዲስ አበባ ዘውዲቱ ጋ ነው። አልጋ ወራሽነቱ ራስ ተፈሪ ጋ ነው፤ 24 ዓመታቸው ነው፣ ራስ ከተባሉ አንድ ወራቸው። መላው አባ መላ ጋ ነው። ቅድም እመለስበታለሁ ያልኩት ይሄን ነው። ሸዋ ያሸነፈው ራስ ስላልነበረው አይደለም፤ ማዕረጉንና ማዋጋቱን አንድ ሰው ላይ ስላልጫነ ነው። ይሄ የኔ ግምት ነው፣ የማይስማማ ይኖራል። ቁጥርም መሣሪያም የራሱ ድርሻ አለው።

ጥቅምት 23 ቀን አዲስ አበባ ላይ የድል ሰልፍ ተደረገ። ንጉሥ ሚካኤል በሰንሰለት ታስረው አለፉ፣ የምሕረት ድንጋይ በትከሻቸው ተሸክመው የሚስታቸው እህት ዘውዲቱ ፊት ቀረቡ። ከዚያ ሁለት ዓመት ገደማ በእስር ቆይተው አረፉ።

ስለ መድፉ ፎቶ

ይሄን ሁሉ ለእህቴ ልጅ ስነግረው ሰልችቶታል፣ እናቴ ግን እየሰማች ነበር። «ጃንሆይስ?» አለች። «እዚሁ ደሴ አይደል አውሮፕላን የተኮሱት?»

ልክ ናት። በ1928 ዓ.ም. ጣልያን ሲመጣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጠቅላይ ሰፈራቸውን ደሴ አድርገው ነበር። ኅዳር 26 ቀን አውሮፕላኖች ከተማዋን ደበደቡ፣ ንጉሠ ነገሥቱም የአየር መቃወሚያ መሣሪያ ይዘው ሲተኩሱ የሚታዩበት ፎቶ ዓለምን ዞረ። መጋቢት 22 ማይጨው ላይም መትረየስ ይዘው ራሳቸው ተዋጉ። ማይጨው ግን ተሸነፈ። ጃንሆይ ልብ አልጎደላቸውም ነበር። ግን ንጉሠ ነገሥቱ መትረየስ ላይ ሲቀመጡ የአንድ መትረየሰኛ ሥራ ነው የተሠራው። ያን ሥራ ሌላ ሰው ሊሠራው ይችል ነበር። የሳቸውን ሥራ ደግሞ በዚያች ሰዓት ማን ይሠራዋል?

እናቴ ይሄን አልወደደችውም። «ወዲያ! የሞት ቦታ ላይ የተገኘን ሰው እንዲህ አትበል» አለችኝ። ሁለተኛውን ቀዳች። እኔም ዝም አልኩ፤ የወሎ እናት ቡና እየቀዳች ስትቆጣ አይመለስላትም። ደግሞ ውስጤን ብትጠይቁኝ ያን ፎቶ ሳይ እኔም ልቤ ይሞቃል። ስለ ማዋጋት የምጽፈው ሰውዬ ራሱ የሚሞቀው መዋጋት ሲያይ ነው።

መብራት መጣ። የእህቴ ልጅ ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክቶ ተመለሰና ጨዋታው የወታደሮቹን ስም መቀየር እንደሚፈቅድ አሳየኝ። ከሁሉ ደካማውን፣ 3 ቁጥር ያለውን መረጠ። «አባ መላ» ብሎ ጻፈበት። ከዚያ ብቻውን ወደ 100ው ንጉሥ ላከው።

አባ መላ ሁለት እርምጃ ሄዶ ሞተ።

«አልሠራም፣ አጎቴ» አለኝ።

«ደብዳቤ መላክ ይቻላል?» አልኩት።

ፈለገ ፈለገ፣ የደብዳቤ ቁልፍ የለም።